ክብሩ እና የኢየሩስ ፕላስተር

«ደበቅሽኝ! ግንባርሽ ላይ ለጥፈሽ፣ ዓይኔ እያየ ደበቅሽኝ!»

ይሄን የጮኸው ክብሩ ነው። አጯጯሁ ደግሞ ለጉድ ነው፤ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል የዓሣ አንጀት ሲሰለቅጡ ውለው የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ያንቀላፉት አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች እንኳ ደንግጠው ክንፋቸውን ዘረጉ።

«ምኔን ነው የደበቅኩህ?» አለች ኢየሩስ ወገቧን ይዛ።

«ፕላስተሩን!»

«ለጥፌው ስዞር አልከረምኩም? ግቢው ሁሉ ያየውን! የተለጠፈ ነገር ይደበቃል እንዴ?»

«ምን ሆነሽ ነው ብዬ ስጠይቅሽ በር መታኝ አላልሽም?»

«በር አይመታም?»

«አንቺን እንኳን በር…» አለና ቀሪው ጠፋው። ክብሩ ሲናደድ እንዲህ ነው፤ አንድ ነገር ይጀምርና መጨረሻውን ሌላ ሰው እንዲሞላለት ይጠብቃል። አስተማሪ ስለሆነ ለምዶበታል። ክፍል ውስጥ «ዋና ከተማችን አዲስ…?» ሲል አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ «አበባ!» ይልለታል። ኢየሩስ ግን አልሞላችለትም።

«ኧረ ተዉ ልጆች፣ በማጋኖ!» አሉ እትዬ ካሰች፣ የሁለቱም አከራይ፣ ደጃፋቸው ላይ ሰፌድ ታቅፈው ጎመን እየቀነጠሱ። ማጋኖ ማለታቸው እግዜር ነው፤ ሲጨንቃቸው ሲዳምኛው ይቀድማቸዋል። ተዉ ይበሉ እንጂ ሰፌዱን ወደ ጠቡ ጠጋ አድርገውታል። አንዲት ቃል እንድታመልጣቸው አይፈልጉም።

እንግዲህ በአንዲት ፕላስተር ሁለት የተማሩ ሰዎች መናኸሪያ ሰፈርን እስኪያናውጡ የተጣሉበትን ነገር ለማወቅ ከክብሩ ቅናት መጀመር ነው።

ክብሩ የይርጋለም ልጅ ነው። ቅናቱን ከእናቱ ጡት ጋር ጠባው እንዳይባል እናቱ ደግ ሴት ናቸው፤ አባቱም የሰው ነገር አይመኙም። ከየት እንዳመጣው አይታወቅም፣ ብቻ ይዞት ነው የመጣው። ልጅ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ለብቻ የሚዘመረውን ክፍል ለሌላ ልጅ ሲሰጡበት፣ ክብሩ ከኋላ ሆኖ ከልጁ በላይ ጮኸ። የመዘምራኑ መሪ አወጡትና ወንበር እንዲደረድር መደቡት። እሱም ወንበሮቹን ሲደረድር ለዚያ ልጅ ሁልጊዜ የምታነክሰዋን ወንበር ያደርስለት ነበር።

ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እንግሊዝኛ ደረሰው። ኢየሩስንም እዚያው አገኛት። አንድ ክፍል፣ አንድ ወንበር፣ አንድ መምህር። እሱ ኤ አመጣ፣ እሷ ቢ። ይኸውልህ፣ ክብሩ በቢዋ ቀና! ለምን ቢባል፣ መምህሩ ለእሱ ኤውን ሲሰጡ ቀና ብለው አላዩትም፤ ለእሷ ቢውን ሲሰጡ ግን ስቀውላታል።

ከዚያ ሁለቱም መናኸሪያ ጀርባ አንድ የግል ትምህርት ቤት ተቀጠሩ። ክፍሎቻቸው ጎን ለጎን፣ መሀላቸው ኮምፔንሳቶ። ኮምፔንሳቶ ደግሞ ታውቃለህ፤ ወዲያ ማዶ ሲያስነጥስ ወዲህ ማዶ ይማርህ ይላል። ከኢየሩስ ክፍል ሳቅ በመጣ ቁጥር የክብሩ ተማሪዎች ጆሮ ወደዚያ ሲዘም ያየዋል። አንገታቸው ከጥቁር ሰሌዳው ጋር፣ ጆሯቸው ከግድግዳው ጋር። ያንገበግበው ነበር።

በዚህ መሀል ኢየሩስ ሥራ ለቀቀች። የት ልትገባ ነው ሲባል የትም። ቤቷ ቁጭ ብላ በኢንተርኔት እንግሊዝኛ ልታስተምር። ክብሩ ይሄን ሲሰማ ሳቀ። «ይሄ የማጭበርበሪያ ነገር ነው፣ ተመልሳ ትመጣለች» አለ። አልተመለሰችም። ይልቅ የክብሩ ተማሪዎች ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ያወጡ ጀመር።

«አቤት፣ ምን ልትጠይቅ ነው?»

«ቲቸር፣ ቲቸር ኢየሩስ መቼ ነው የምትመለሰው?»

ይሄ ጥያቄ ክብሩን በቁሙ ገደለው።

ቤቱ ደግሞ ከእሷ ቤት ፊት ለፊት ነው። እሱ ፀጉሩ ጠመኔ ለብሶ፣ ድምፁ ተዘግቶ፣ በባጃጅ ታጭቆ ሲመጣ፣ ከመስኮቷ «ኦ፣ ቬሪ ጉድ! ዋው! ሲ ዩ!» ይሰማል። ከላይ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ከታች ቢጃማ። እግሯን አጥፋ ከብራዚል ጋር ትስቃለች። ክብሩ ከብራዚል ጋር ስቆ አያውቅም። ከብራዚል ጋር መሳቅ እንደሚያምረው ራሱ ያወቀው ያኔ ነው።

አንድ ቀን ደጃፉ ላይ አገኘችውና «ክብሩዬ፣ አንተም ለምን አትሞክርም? እንዴት እንደሚገባ ላሳይህ» አለችው።

«አይ፣ እኔ እንኳን ብዙም…» አለ፣ ትከሻውን ሰብቆ። ግን እዚያው ውስጡ ወስኖ ነበር። ልጅቷን መጠየቅ ማለት መሸነፍ ነው። ስለዚህ ሳይጠይቅ ሊሰርቃት ተነሳ።

እንዴት መሰለህ የሰረቃት? በጄሪካን። ባዶ ጄሪካን ይይዝና ወደ ቧንቧው ይሄዳል፤ ቧንቧው ያለው በኢየሩስ መስኮት ሥር ነው። ውሃው እስኪሞላ አንገቱን እንደ ሰጎን ያወጣል። ከማመላለሱ ብዛት እትዬ ካሰች «ልጄ ክብሩ፣ የሰው ልብስ ማጠብ ጀመርክ እንዴ?» ብለው ጠየቁት።

ያየውን ሁሉ ቀዳ። ከጀርባዋ ሰማያዊ መጋረጃ ሰቅላለች? እሱም ፒያሳ ሄዶ ያንኑ ሰማያዊ አስቀደደ። ቲክቶክ የሚሠሩ ልጆች የሚያቆሟት ክብ መብራት አለቻት? ገዛ። መደርደሪያዋ ላይ የፕላስቲክ አበባ አለ? የእሱ አበባ ከእሷ ይበልጣል፤ ትልቁን ነው የመረጠው። የጆሮ ማዳመጫዋን እንኳ በየትኛው ጎን ማይኩን እንደምታወርድ አይቶ በዚያው ጎን አወረደ።

አንድ ነገር ብቻ ሳይቀዳ ቀረ። ኢየሩስ ልታስተምር ስትቀመጥ ግንባሯ ላይ፣ ከሁለቱ ቅንድቦቿ ከፍ ብሎ፣ ፕላስተር ትለጥፋለች። ክብሩ አይቶታል። ቁስል ነው ብሎ አሰበ። አላስችል ብሎት ጠየቃት።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«በር መታኝ።»

እውነቱን ለመናገር ደስ አለው። እሰይ፣ ቢያንስ በር ይመታታል።

ቀጥሎ የድምፅ ልምምድ። ክብሩ ጥሩ እንግሊዝኛ አለው፤ ግን የይርጋለም እንግሊዝኛ ነው፣ ጥርት ያለ፣ እያንዳንዷ ፊደል ደመወዝ የሚከፈላት የሚመስል። እሱ ደግሞ አሜሪካዊ ካልሆንኩ አለ። በሩን ዘግቶ፣ መስታወት ፊት ቆሞ፣ አፍንጫውን ይዞ «ሃይ ጋይዝ! አይ ጋራ ሰርፕራይዝ ፎር ያ!» ይላል። እትዬ ካሰች ዳማከሴ ጨምቀው በሩን አንኳኩ። «እንካ ልጄ፣ ይሄ ጉንፋን ሳይብስብህ።»

ኢየሩስ የምታስተምርበት ድረ ገጽ ተቀበለው። ሕጉ ቀላል ነው። አዲስ አስተማሪ አንዲት የሙከራ ትምህርት ይሰጣል። ተማሪው ወድዶ ሁለተኛ ቀጠሮ ከያዘ፣ ያስተማሪው ፎቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ዓለም ያየዋል። ካልያዘ ፎቶው ወደ ታች ይወርዳል፤ እዚያ ደግሞ መናኸሪያ ውስጥ ተራው መጨረሻ የሆነ ሚኒባስ በለው፣ ረዳቱ ቢጮህ ቢጮህ የሚሰማው የለም። ለክብሩ ነገሩ እንግዲህ ይሄ ነው። ተማሪዋ ከተመለሰች እሱም እንደ ኢየሩስ ነው። ካልተመለሰች ሰኞ ጠመኔውን ይዞ «ቲቸር ኢየሩስ መቼ ነው?» ወደሚሉት ልጆች።

ቀኑ ደረሰ። ጥርሴን አሞኛል ብሎ ከትምህርት ቤት አስፈቅዶ ወጣ። እግዜር ቀልድ ሲወድ፣ የመጣችለት ተማሪ የጥርስ ሐኪም ሆነች! አይላ ትባላለች፣ ቱርክ ነው የምትኖረው፣ እንግሊዝኛዋ ገና ጀማሪ ነው፣ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ነው የተቀመጠችው።

አሁን ስለ ክብሩ ቅንድብ ማወቅ ያለብህ ነገር አለ። የእኛ ሰው አዎ ለማለት አፉን አያደክምም። ቅንድቡን ሽቅብ ሰቀል፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ «ህእ!» ሳብ፣ አለቀ። ክብሩ ግን ይሄን ሙያ አድርጎታል። ክፍል ውስጥ ልጅ ተነስቶ ሲናገር አያቋርጠውም፤ በቅንድቡ ነው «ልክ ነህ፣ ቀጥል» የሚለው። የኋላ ወንበር የተቀመጠ እንኳ ያነበዋል። በቅንድቡ ይኮራበት ነበር።

«ስምሽ ማነው?» አላት በእንግሊዝኛ።

«ስሜ አይላ ነው።»

ክብሩ ጨንቆታል። የተለማመደው አሜሪካዊ ሁሉ ከአፉ ጠፍቷል። ቅንድቡን ሰቀለና «ህእ!» አለ።

አይላ ትንሽ አሰበች። «አይ-ላ» አለች ቀስ ብላ።

«ህእ!»

ልጅቷ ስክሪኑ ጥግ ላይ የተጻፈውን የራሷን ስም አየች። አይላ ይላል። ወደ ክብሩ ተመለሰች። «ከቱርክ ነኝ» አለች፣ በጥርጣሬ።

«ህእ!»

«…ከቱርክ አይደለሁም?»

ክብሩን ነገሩ አልጣመውም፤ ቶሎ ወደ ተዘጋጀበት ሄደ። ጠዋት ከአሞራ ገደል ያስመጣትን ቆሮሶ በሳህን አድርጎ ካሜራው ፊት ደቀነ። «ይሄ ምንድነው?»

«ዓሣ።»

ቅንድብ። «ህእ!»

«ትልቅ ዓሣ?»

ቅንድቡ ፀጉሩ ሥር ደረሰ። «ህእ!»

«…የሞተ ዓሣ?»

ሁሉም ልክ ነው እኮ! ዓሣ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ሞቷል። ክብሩ እሷ ባልገባት ቁጥር ቅንድቡን እየጨመረ፣ እሷ ቅንድቡ በተነሳ ቁጥር ቀለሟ እየተለወጠ፣ በመጨረሻ መነጽሯን አውልቃ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«ቲቸር፣ አስም አለብህ?»

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ አለቀ። አይላ በትሕትና አመስግና ወጣች። የቀጠሮው ሰንጠረዥ ባዶ ነው። ክብሩ ዓሣውን ይዞ ደጅ ወጣ።

ኢየሩስ ቧንቧው ጋ ነበረች፣ ባዶ ጄሪካን ይዛ። ልብ በል፣ ባዶ።

«አለቀ?» አለችው፣ ሳትሰማ እንደቀረች ሁሉ።

«ልጅቷ ደደብ ናት። ስሟን እንኳ አታውቅም።»

«የት አገር ናት?»

«ቱርክ።»

ኢየሩስ ጄሪካኑን ጣለች። «ውይ በሞትኩት! ቅንድብህ!»

«ቅንድቤ ምን ሆነ?»

«ክብሩዬ፣ እዚያ አገር ቅንድብ ሽቅብ ሲሰቀል አይደለም ማለት ነው! ልክ ነሽ ስትላት ልጅቷ ተሳስተሻል ነው የሚታያት። እኔ መጀመሪያ ላይ አንዷን እንዲሁ አባርሬያለሁ። ከዚያ ወዲያ ነው ፕላስተር የምለጥፈው። ቅንድቤ ሊነሳ ሲል ቆዳዬን ይጎትተኛል፣ ያኔ አስታውሼ በአፌ የስ እላለሁ።»

ክብሩ ሳህኑን እንደያዘ ቆመ። መጋረጃው፣ መብራቱ፣ አበባው፣ ማይኩ። ሁሉን ቀድቶ ቁልፏን ትቶ! ያን ጊዜ ነው አባ ኮዳዎቹን ያስነሳውን ጩኸት የለቀቀው፦ «ደበቅሽኝ! ግንባርሽ ላይ ለጥፈሽ፣ ዓይኔ እያየ ደበቅሽኝ!»

በር መታኝን፣ በር አይመታምን ተባብለው፣ እትዬ ካሰችም በማጋኖ ብለው፣ ጠቡ እዚህ ደርሷል።

«ላሳይህ ብዬህ አልነበር?» አለች ኢየሩስ።

«አፍሽ ነው ያለው! ከልብሽ ቢሆን ስጠይቅሽ በር ታመጪ ነበር? ለምንድነው የዋሸሽኝ? እስቲ ንገሪኝ፣ ለምን?»

ኢየሩስ ወደ እትዬ ካሰች አየች፣ ወደ ቧንቧው አየች፣ ማምለጫ የለም።

«ስለቀናሁብህ ነዋ!»

እትዬ ካሰች የያዙት ጎመን እጃቸው ላይ ቀረ።

«በእኔ?» አለ ክብሩ።

«በአንተ! ኤ ያመጣኸው አንተ ነህ። እኔ ተማሪ ካላሳቅኩ ማስተማር አልችልም፤ አንተ ስታስረዳ ግን የእኔ ልጆች ሳቃቸውን አቁመው በኮምፔንሳቶው ያንተን ይሰሙ ነበር። መሳቂያ ሆኜ ቀረሁ ብዬ ነው የለቀቅኩት። ደግሞ እዚህም ተከትለህ ልትመጣ ነው። አንተ ከገባህ እኔን ማን ያየኛል?»

ክብሩ በተፈጠረበት ዘመን ሰው ቀንቶበት አያውቅም። እንዴት እንደሚቆም ጠፋው። ዓሣውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወረ።

«እስቲ ድገሚው» አላት።

«ሂድ ወዲያ!»

«እትዬ ካሰች፣ ሰምተዋል አይደል?»

«ሰማሁ ልጄ» አሉ እትዬ ካሰች። «እነዚያ ወፎችም ሰምተዋል።»

ደስታው ግን ብዙ አልቆየለትም፤ ወዲያው ሌላ ነገር ነከሰው። ይሄን ሁሉ ዘመን ፊት ለፊቱ ስትቀና እሱ አንዴም አልጠረጠረም! የእሱን ቅናት ከትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጀምሮ የሐዋሳ ባጃጅ ሁሉ ያውቀዋል። የእሷ ግን ድምፅ የለው፣ ሽታ የለው። በቅናትም በለጠችው!

«በይ ስልኩን ያዥልኝ» አላት ድንገት።

«ለምን?»

«በድረ ገጹ ለልጅቷ ቪዲዮ ልልክላት ነው።»

ዓሣውን ለእትዬ ካሰች አስረክቦ ቆመ። ኢየሩስ ሳቋን እያፈነች ቀረጸችው። ክብሩ ሃይ ጋይዝ አላለም፣ አፍንጫውንም አልያዘም። በዚያችው በይርጋለም እንግሊዝኛው፣ ቅንድቡን ሰቅሎ፣ «አይላ፣ በእኛ አገር ይሄ አዎ ነው። ስምሽ አይላ ነው፣ ከቱርክ ነሽ፣ ዓሣውም ሞቷል። በሁሉም ልክ ነበርሽ። ቅዳሜ ትመለሻለሽ?» አለና ላከው።

«አትመለስም» አለች ኢየሩስ።

«ትመለሳለች።»

«በስንት አስተማሪ መሀል አንተን ባለ አስሙን?»

«እንወራረድ!»

«በምን?»

ክብሩ ሲመኝ የኖረውን አወጣው። «ከተመለሰች፣ ሰኞ ባንዲራ ሲሰቀል ትምህርት ቤት ትመጪና ለእነዚያ ልጆች፣ ጮክ ብለሽ፣ ቲቸር ክብሩ ይበልጠኛል ትያቸዋለሽ።»

ኢየሩስ ዋጥ አደረገችው። «ካልተመለሰች፣ የኔን ፕላስተር ግንባርህ ላይ ለጥፈህ ሳምንቱን ሙሉ ትዞራለህ። ክፍል ውስጥ፣ ፒያሳ፣ ዓሣ ተራ፣ ቤተ ክርስቲያንም። ምን ሆነህ ነው ለሚልህ ሁሉ ኢየሩስ በለጠችኝ ነው የምትለው። በር የለም!»

እጅ ለእጅ ተማቱ። ዳኛዋ እትዬ ካሰች ሆኑ። ኢየሩስ ከቤቷ አንዲት አዲስ ፕላስተር ከነወረቀቷ አምጥታ ሰፌዱ ላይ፣ ጎመኑ መሀል፣ መያዣ አድርጋ አስቀመጠች።

ፀሐይ ወደ ሐይቁ ማዶ ማዘንበል ስትጀምር የክብሩ ስልክ ጮኸ። ሁለቱም ዘለው ያዙት። አይላ ናት። የላከችው ጽሑፍ አይደለም፣ የራሷን ፎቶ ነው። ነጭ ጋዋኗን ለብሳ፣ አፏን ገጥማ፣ ሁለቱንም ቅንድቦቿን ሽቅብ ሰቅላ። ሌላ ምንም የለም።

«እሰይ!» አለ ክብሩ። «አዎ አለች!»

«በቱርክኛ ነው የመለሰችልህ! አይሆንም ነው ያለችው!»

«ተምራ ነው እንጂ! እኔ ያስተማርኳትን ነው የመለሰችልኝ!»

«አንተ ምን አስተማርካት፣ ስሟን ነው ያስጠፋሃት!»

ሰንጠረዡን ከፈቱ። የቅዳሜዋ ሳጥን ባዶ ናት። ግን ቅዳሜ ገና ነው። ስልኩን ለዳኛዋ ሰጡ። እትዬ ካሰች ፎቶውን አራቁት፣ አቀረቡት፣ መልሰው አራቁት።

«መልከ መልካም ልጅ ናት» አሉ።

«እትዬ፣ ይፍረዱና! አዎ ነው ወይስ አይደለም?»

እትዬ ካሰች ቅንድባቸውን ሽቅብ ሰቅለው «ህእ!» አሉ።

«የቱን?» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

እሳቸው ግን ወደ ጎመናቸው ተመልሰዋል። ኢየሩስ እጇን ሰደድ አድርጋ ፕላስተሯን ከሰፌዱ አነሳች፣ ወረቀቷንም በጥፍሯ መላጥ ጀመረች። ክብሩ «ገና ነው! ቅዳሜ ይምጣ!» ብሎ ግንባሩን በሁለት እጁ ሸፈነ።